ዜና አሻግሬ፣ የነዳጅ ኩባንያውን ወኪል በጋቢው ጫፍ ስለ መቆራኘቱ

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ መስከረም፣ ንጉሥ ከዙፋኑ ከወረደ ሳምንት ሳይሞላው፣ ወይኖ የተባለው በሬ ከክፉው ቀን ተርፎ በአሻግሬ በረት ብቻውን በነገሠ በዓመቱ የሆነው ይህ ነው። ነገሩን አስቀድሜ የሰማሁት በደጀ ሰላም ሁለት ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ነበር፤ እነማን እንደነበሩ ዘንግቻለሁ። አንደኛው «ከከላላ መንገድ በላይ ካለው መስክ ሥር ዘይት አለ አሉ» ቢል፣ ሁለተኛው «ወላሂ፣ እኔስ ኑግ ሳይዘራ ዘይት አላየሁም!» ብሎ ሳቀ፤ ወይም የሳቀው አንደኛው ነበር።

ወእምዝ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ያን መስክ ከባላምባራስ ላቀው ገዛ፤ ባላምባራስም የአገሩን ሁሉ ግጦሽ እንደ ጓሮ ጎመናቸው ሸጡት። ወኪሉም አቶ መለሰ፣ ባለ ካፖርቱ፣ አቧራ አስነሺው፣ በላንድሮቨር ገሥግሦ ደረሰ፤ ከእርሱም ጋር ሾፌሩ፣ መዶሻ ያዡ፣ ገመድ ጎታቹ፣ ባለ ሦስት እግሩን መነጽር ተሸካሚው፣ ደግሞም ምንም ሥራ ያልተሰጠው የባላምባራስ አጎት ተሰለፉ። ወኪሉም መስኩን ሊያጥር ዙሪያውን ችካል እያስመታ፣ «ከችካሉ ወዲህ ከብት የሚያሰማራ ወዮለት!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

ያን ጊዜ አሻግሬ፣ ባለ አንድ በሬው ጀግና፣ የወይኖ ጠባቂ፣ የጋቢ ባለቤት፣ ተነሣ። በስተኋላው መበለቲቱ አበዛሽ ቆመች፤ እርሷም አንድ በሬ ቀርቷት ከወይኖ ጋር በመቀናጆ ታሳርስ ነበርና፣ መስኩ ከታጠረ በሬዎቹ ይራባሉ፣ በሬዎቹ ከወደቁ የሁለቱም ቤት ዳግመኛ ለረኀብ ይሰጣል። ስለዚህ አሻግሬ እንደ አባቶቹ ሥርዐት «በጃንሆይ አምላክ፣ አትምታ!» ብሎ ጮኸ። መዶሻ ያዡም መዶሻውን በአየር ላይ አቆመ፤ በዚህ ስም ተብሎ የማይቆም በአገሩ አልነበረምና።

ወኪሉ ግን «ምታ እንጂ! ጃንሆይ ወርደዋል፣ ሬዲዮ አትሰሙም?» አለ። መዶሻው ሊወርድ ሲል አሻግሬ «በደርግ አምላክ!» አለ፤ ዳግመኛም ቆመ። በዚህ ጊዜ በሕዝቡ መካከል ታላቅ ክርክር ሆነ፤ እኩሌታው «ደርግ ብዙ ነው፤ አምላኩ በየራሱ ነው በማኅበር?» ሲል፣ እኩሌታው «ገና ሳምንት ሳይሞላው በስሙ ይማላል?» አለ። መዶሻ ያዡም «ወገኖቼ ቶሎ ወስኑ፣ ክንዴ ዛለ!» ብሎ ለመነ። አበዛሽም «አያ አሻግሬ፣ ነጋሹ እስኪለይ ወይኖ ንፋስ ይብላ? ቋጥረው!» ብላ አዋጅ ነገረች።

ይህን ቃል በሰማ ጊዜ አሻግሬ እንደ ነብር ተወርውሮ የጋቢውን ጫፍ ከአቶ መለሰ ካፖርት ጋር ቋጠረ። በዱሮው ሕግ እንዲህ የተቆራኙ ዳኛ ሳይፈታቸው አይለያዩም፤ በጉልበት የፈታ ተረቺ ነው። መዶሻ ያዡም ነገሩ ከዳኛ ደረሰ ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ። እነርሱም በአንድ ቋጠሮ፣ ሕዝቡ እልል እያለ፣ ላንድሮቨሩም እንደ ባዝራ በቀስታ እየተከተለ፣ ዳኛው ካለበት ከመካነ ሰላም ከተማ ገቡ። ዳኛው ግን «በማን ስም እንደምፈርድ ከላይ እስኪነገረኝ አልፈርድም፤ እስከዚያው ማንም ማንንም አይፍታ!» ብሎ አወጀ።

አቶ መለሰም ራበውና ከምግብ ቤት ገብቶ ጥብስ አዘዘ፤ አሳላፊዋ ግን ቋጠሮውን አይታ «ጌታዬ፣ ረቡዕ ነው፤ ከጾመኛ ጋር በአንድ ልብስ ታስረው ሥጋ አላቀርብም» አለች። የቅዳሴ ደወል ተደወለ። የጾም ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነውና አሻግሬ ቆሞ አስቀደሰ፤ ወኪሉም ባዶ ሆዱን በተውሶ መቋሚያ ተደግፎ፣ ሲሰግድ እየሰገደ፣ ሲነሣ እየተነሣ፣ እስከ እትዉ በሰላም ድረስ አስቀደሰ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡም አሻግሬ «አሁን ደግሞ ወይኖን ውኃ እናጠጣለን፤ ከዚያ የአበዛሽን በሬ፤ ከዚያ የማታ ጸሎት አለኝ፤ ዳኛው ስም እስኪመጣለትማ ገና አብረን እናርሳለን» አለ።

ኦ አሻግሬ! ሰይፍ ሳትመዝ ላንድሮቨር የማረክህ፣ ንጉሥ በሌለበት ሳምንት በጋቢ ጫፍ አገር የጠበቅህ፣ እግዚአብሔር ወይኖን ያሰንብትልህ! አቶ መለሰም አብሮ ማረሱን በሰማ ጊዜ፣ እዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በሕዝቡ ፊት፣ ችካሎቹን ሁሉ በገዛ እጁ ሊነቅል፣ ለጌቶቹም «መሬቱ የባላምባራስ አይደለም» ብሎ ሊጽፍላቸው፣ እሺ አለ።