ለማስተርሴ የተላኩ ሽማግሌ

የዘመኑ ሰው ሳይነካ መግዛት ለምዷል። ጫማውን በስልክ አይቶ ያዝዛል፤ ሲመጣለት ይጠበዋል። ጫማስ ግድ የለም፤ እግሩ ትንሽ ለሆነ ዘመድ ይሰጣል። ትምህርት ሲጠብ ለማን ይሰጣል? እስቲ አስቡት። ዓመታት ደክማችሁ፣ በጥቁር ጋዋን ፎቶ ተነሥታችሁ፣ ፎቶውን ሳሎን ሰቅላችሁ፣ አንድ የተጨነቀ ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ የምትሉት ቢጠፋችሁ፣ ያንን ፎቶ ማን ይረከባችኋል?

ይህን የምለው ነገሩ ስለሚመለከተኝ ነው። እኔ ወረታ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። አማካሪ የሚለው ስም ግርማ አለው፤ ስጠራበት አንዳንዴ ራሴም እደነግጣለሁ። ቢሮዬ ግን ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ክፍል ነው፤ መረቡና ኳሱ እስካሁን አልወጣም። ተማሪ ችግሯን ስትነግረኝ ከመደርደሪያው ኳስ ይወርድና በመካከላችን ይንከባለላል። በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ የተመረቅሁት ከብዙ ሰው ጋር ነው፤ የተማርሁትም እንደ ብዙ ሰው ነው።

አንድ ቀን ከቁሐር ሚካኤል በኩል የመጣች ልጅ ገባች። ባለፈው ክረምት የሰፈራቸው ሜዳ በጎርፍ ሞልቶ ውኃ ቤታቸው ገብቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር ደብተሯን ሰብስባ ትወጣለች፤ ትምህርቱ መሃል ላይ ቢሆን፣ ፈተናም ቢሆን። ሁሉን ነገረችኝ። እኔም በሙያዬ ሙሉ ክብር «አይዞሽ» አልኋት። ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ሌላ ነገር የምጨምር መስሏት ነው። ባልጨምርላት ጊዜ «እሽ መምህር» ብላ ወጣች። ያ «እሽ» እስካሁን ያመኛል። አይዞሽ ለማለት ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ? የባጃጅ ሾፌርም ይለዋል፣ እሱስ ቢያንስ ቤቷ ያደርሳታል።

እናም ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብዬ ቆረጥሁ። ሥራና ልጆች ስላሉኝ ከወረታ መራቅ አልችልም፤ ያለው መንገድ በኦንላይን መማር ነው። የአንዱን ተቋም ድረ ገጽ ከፈትሁት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ታቅፎ ይስቃል። የሰውን ሐዘን የሚማር ሰው ምን እንዲህ ያስቀዋል? ስልክ ደወልሁ። ያነሳው ወጣት «ጥራታችን ዓለም አቀፍ ነው» አለኝ። ማን ነው የሚያስተምረው? አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይይዛል? ከእውነተኛ ሰው ጋር ተቀምጦ መለማመድ አለ ወይ? ስሳሳት የሚያርመኝስ ማን ነው? ብዬ ብጠይቀው «ሁሉም ተሟልቷል እናቴ» አለ። ገና ሠላሳዎቹን መጀመሬ ነው፤ «እናቴ» የሚለው በግሌ ቅር አሰኝቶኛል። ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚዘጋም ነገረኝ። ምዝገባ መቼስ ሁልጊዜ የሚዘጋው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ዕውቅና እንዳለው አጣራሁ፤ አለው። ግን ዕውቅና ማለት ቤቱ አለ ማለት እንጂ በቤቱ ውስጥ እሳት ይነድዳል ማለት አይደለም። መማር ብቻ አይደለም የፈለግሁት፤ ያች ልጅ ተመልሳ ስትመጣ የማደርገውን ማወቅ ነው የፈለግሁት። ሁለተኛ ዕድል ደግሞ የለኝም። ተመዝግቤ ትምህርቱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ እንደገና ከሌላ ቦታ ልጀምር ብል ጉልበቱም ጊዜውም ከየት ይመጣል?

ባለቤቴ ጭንቀቴን አይቶ «አባን ጠይቂያቸው» አለኝ። አባ የምንላቸው አባቱ፣ ማለትም አማቴ መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። ሜዳው ላይ ባለ አንድ ደብር ያገለግላሉ። ከዚያ ይልቅ የታወቁት ግን በሽምግልና ነው፤ ከይፋግ እስከ ሐሙሲት በእሳቸው አንደበት ያልተጋባ ሰው ካለ ወይ ልጅ ነው ወይ መነኩሴ ነው። ስለ ኢንተርኔት የሚያውቁት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያደነዝዝ ነገር መሆኑን ብቻ ነው።

ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ከት ብለው ሳቁብኝ። «ስልክ የሚያነሳው የቤቱ ልጅ አይደለም ወይ? የገዛ ቤቱን ሊያማልሽ ነው? ሴት ልጅ ስትታጭ እናቲቱን ስለ ልጇ ትጠይቂያለሽ? ጎረቤት ነው እንጂ የሚጠየቅ» አሉ። ትምህርት ቤቱ ጎረቤት እንደሌለው፣ ያለው ስልክ ውስጥ እንደሆነ ነገርኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ተምሮ የወጣ ሰውስ የለውም? ያ ሰውስ ጎረቤት የለውም?» አሉኝ። ድረ ገጹን እንደገና ከፈትሁት። ከሚስቁት መካከል ስሟና አገሯ ከፎቶዋ ሥር የተጻፈ፣ ባንቻየሁ የምትባል የአንበሳሜ ተመራቂ ነበረች። አባ ስሟን ሲሰሙ ጉዳዩ እንዳለቀ ሁሉ ተነሥተው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመገንጠያው ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ ውኃው ውስጥ ቆሞ ያረንጓዴው ብዛት ዓይን ይሞላል። ደስ ብሎኛል። አባ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጭራ ይዘዋል፤ እኔም የክት ቀሚሴን ለብሼ ከጎናቸው ተቀምጫለሁ። ይህ አለባበስ በእኛ አገር ምን እንደሚናገር ማሰብ ነበረብኝ። ሥነ ልቦና የተማርሁት ለመቼ ነው?

አንበሳሜ ስንደርስ አባ ቤቷን ከመንገደኛ ጠይቀው በቀጥታ ከልጅቱ ቤት ፊት ለፊት ወዳለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገቡ። ባለ ሱቁ ሰይድ የሚባል ጎልማሳ ነው። አባ ሰላምታውን አስረዝመው ከጨረሱ በኋላ ባንቻየሁን ያውቃት እንደሆነ ጠየቁት። ሰይድ የሚለካውን ጨርቅ አስቀመጠ። ጠባይዋስ? አሉት። «ማሻ አላህ» አለ። ትቆጣ ነበር ወይ? «ድሮ ትንሽ ትቆጣ ነበር፤ አሁን ግን ሰው ሲናገር ዝም ብላ ትሰማለች።» ከተማረች ወዲህ ነው? «ከተማረች ወዲህ ነው።» አባ ዞር ብለው በኩራት አዩኝ። እውነትም ሌላ ምን የጥራት መለኪያ አለ? ቀጥለው «ጤናዋስ?» አሉት። ይህ እንኳ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ በኋላ ስጠይቃቸው «ኮምፒውተሩ ዓይኗን አጥፍቷት እንደሁ ብዬ ነው» አሉኝ። ሰይድ ግን ወደ እኔ ተመልክቶ «እኅቱ ነሽ?» አለኝ። «ምራት ነኝ» አልሁት። «ገባኝ» አለ። ምን እንደገባው አልጠየቅሁትም። እስኪ ሻይ ጠጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ኑ ብሎን ሱቁን ገርበብ አድርጎ ወጣ።

ሻያችንን ጠጥተን ወደ ባንቻየሁ ቤት ብንሄድ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። የልጅቱ አባት ጋቢ ደርበው ቆመዋል፤ ሁለት ሽማግሌዎች በቀኛቸው ተቀምጠዋል፤ ከጓሮ የጠላ ማሰሮ ይመጣል። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ዕድሜ ይህን ሁሉ! የአንበሳሜን ሰው መንግሥት ለአስቸኳይ ጊዜ ሥራ ቢጠቀምበት ምን ነበረበት? አባትየው ዝቅ ብለው እጅ ነሱና፣ «እንደምን ዋላችሁ፤ ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ።

መዓቱ የወረደው እዚህ ላይ ነው። አማቴ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ቤት ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ተጠይቀዋል፤ የሚያውቁትም መልስ አንድ ብቻ ነው። ሰውየው ጠየቁ፣ የአባ አንደበት ባለቤቱን ሳያማክር መለሰ። ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፣ ጭራቸውን ወደ ግራ እጅ አዛወሩ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

የአባን ፊት አየሁት፤ የተናገረው ሌላ ሰው ይመስል ዙሪያውን ያማትራሉ። ግን በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል እንዴት ይመለሳል? «ይቅርታ፣ ልጅቱን አልፈለግናትም፣ ትምህርቷን ነው» ይባላል? የሴት ልጅ ስም ይጠፋል። «ልጃችሁስ ማን ይባላል?» ተባሉ። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ልጆቻቸውን በሐሳባቸው ሲያገላብጡ ይታየኛል። ያላገባው አንዱ ብቻ ነው። «ደሳለኝ ይባላል» አሉ። በዚያ ሰዓት ደሳለኝ ወረታ ውስጥ ሩዝ መፈልፈያው ቤት ገለባ ለብሶ ቆሟል፤ ሙሽራ ሊሆን መሆኑን አያውቅም።

እኔ ሹልክ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባንቻየሁ ከእንጨቱ ክምር አጠገብ ቆማለች። እውነቱን ከሥሩ ነገርኋት፤ ለማስተርስ ጥራት እንደመጣን፣ ሌላው ሁሉ የአንደበት ልማድ እንደሆነ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፤ አልሳቀችምም። «አሁን በጣም ያስፈራሽ ምኑ ነው?» አለችኝ። ውርደቱ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን የዝናቧ ልጅ ነገር ነው። እዚያው ቆሜ ሁሉን ዘረገፍሁት። ብጠብቅ ብጠብቅ አይዞሽ አላለችኝም። ሰማችኝ። ስጨርስ የከበደኝ ነገር ቀልሎኝ ነበር፤ እንዴት እንዳደረገችው ግን አላየሁም።

ከዚያ ስለ ትምህርቱ ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ስልክ የሚያነሳው ልጅ ለሁሉም ያንኑ ነው የሚለው። ንባቡ ይሰለቻል። ግን አንዲት መምህርት አለች፤ ከሰው ጋር የተቀመጥሽበትን ንግግር፣ ሰውየው ከፈቀደ፣ ቀድተሽ ትልኪላታለሽ፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምታ ትመልሰዋለች። «እኔን ደጋግማ ጥላኛለች፤ ሰውየው ሳይጨርስ ትናገሪያለሽ ብላ» አለችኝ። የሚጥል መምህር አለ? ብዬ እንደገና ጠየቅኋት። «አለች፤ ያውም ክፉ» አለች። ለእኔ ከዚህ በላይ ዕውቅና የለም። እዚያው ልቤ ተመዘገበ።

እሷ ወደ ቤት ገብታ እጅ ነሣችና «አባቶቼ፣ የመጣችሁበትን አከብራለሁ። ግን ልጁን ሳላየው መልስ የለኝም፤ እሱም እኔን አይቶ እሺ ማለቱን እንወቅ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ቀጠሮ ሰጡ፤ ማንም አላፈረም፤ ጠላውም ተጠጣ። በመመለሻው መንገድ አባ ጭራቸውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዛውሩ መጡ። ሐሙሲት ላይ «ትምህርቱ ጥሩ ነው» አሉ። በምን አወቁ? ብላቸው «እኔ ያበላሸሁትን አስተካከለችው» አሉኝ። ለደሳለኝ ማን ይነግረዋል? ብልስ? «አንቺ ነሻ፤ አማካሪ አይደለሽ?»

ተመዘገብሁ። ደሳለኝ የነገርሁት ዕለት ገለባውን ሳያራግፍ ጮኸ፤ በማግስቱ ድረ ገጹን አሳዪኝ አለ፣ ፎቶዋን ረዘም አድርጎ አየና «ይኸ ትምህርት ቤት መልካም ነው መሰል» አለ። ሐሙሲት ላይ ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲህ ሐሙሲት ጉዳይ የማያጣ ሰው ሆኗል። እኔም ያችን ክፉ መምህርት አገኘኋት፤ ጣለችኝ፣ ደግማም ጣለችኝ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የዝናቧ ልጅም ተመልሳ መጣች። አሁን እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ባለፈው ዝናብ ደብተሯን ሰብስባ እስከ በሩ ሄደች፤ በሩ ላይ ቆመች፤ አልወጣችም።

ወጉ ነውና አሁን ደግሞ ከአንበሳሜ ሁለት ሰዎች የእኛን ቤት ሊያጣሩ ወረታ መጡ። ጎረቤቶቻችን የሰው ዕድል አያበላሹም። ቤቱ የካህን ቤት ነው፣ ልጁም ጨዋ ነው ብለው መሰከሩ። አንዷ ጎረቤታችን ግን የማይደበቅ ነገር ሆኖባት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። ለካስ መምህርቷ ያዘዘችኝን ልምምድ ግቢ ውስጥ ስሠራ በአጥር ታየኝ ነበር። «ምራቲቱ ብቻ ትንሽ ነክቷታል። ከባዶ ወንበር ጋር ትነጋገራለች። ራሷ ታለቅስና ዞራ ራሷ ታባብላለች። እግዜር ይማራት» አለቻቸው።

ቤቱ ሕመም ያለበት ነው ተብሎ ጋብቻው ሊፈርስ ነው ብላ ጎረቤቴ ራሷ ተጨንቃ ነበር። ትልቁ ሰውዬ ግን ፈገግ ብለው አጽናኗት አሉ። «እሱስ አያሳስብሽ፤ የእኛም ልጅ እንዲሁ ጀምሯት ነበር። ማስተርሱ ሲወጣላት ለቀቃት።»