ሊዝበንን ሳይረግጡ ያስጎበኙን እትዬ ሸዋረገድ

በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ለአለቃው ሳይናገር ሥራ ሊለቅ፣ ለእናቱ ሳይናገር ሊያገባ ይችላል። የአውሮፕላን ትኬት በድብቅ መቁረጥ ግን አይችልም። ትኬቱን በቆረጠ ማግስት ስልኩ ይጮኻል። ደዋዩ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ልትሄዱ ነው አሉ! ምንም ነገር ቡክ እንዳታደርጉ፤ መጀመሪያ እኔን ስሙኝ» ይላል።

በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። መንገዱን የምትሄዱት እናንተ፣ መንገዱን የሚያውቀው እሱ። የእኛው ሰው ክብርት እትዬ ሸዋረገድ ይባላሉ። ካሮልተን ውስጥ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ አፓርትመንት ይኖራሉ። ሙያቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን በየቤታቸው መንከባከብ ነው፤ በፈቃዳቸው ደግሞ የፖርቱጋሏ የወደብ ከተማ የሊዝበን ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም።

ወደ ሮም ለሚሄድ፣ «ሮም መልካም ነው፤ ግን በሊዝበን በኩል እለፉ» ይላሉ። አዲስ አበባ ለሚሄድ፣ «በሊዝበን ትራንዚት የለውም? ጠይቀሻል?» ይላሉ። አንድ ሰመር ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ጋልቨስተን ወርደን ነበር። ውሃው ዳር ቆመው ብዙ ተመለከቱና፣ «እንግዲህ ይሄም ባሕር ይባላል» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት።

ሊዝበንን አይተው ያውቃሉ ወይ? አያውቁም። ይህ ምሥጢር አይደለም፤ እሳቸውም አይደብቁትም። የሚጠይቃቸው ደፋር ከተገኘ፣ «ማየት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ» ብለው ምክራቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ዕውቀታቸው የተቀዳው ሪቻርድሰን ከሚኖሩት ከሚስ ፊሎሜና ነው። ሚስ ፊሎሜና ሊዝበን ተወልደው አድገው፣ ባል አግብተው ቴክሳስ መጡ። ባላቸው ሞቱ፣ ዓይናቸው ደከመ፣ ያኔ እትዬ ሸዋረገድ ሊንከባከቧቸው ተቀጠሩ። ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸው ሲበጠር ሚስ ፊሎሜና ስለ ከተማቸው ያወራሉ፤ እትዬ ሸዋረገድ ይሰማሉ፤ የሰሙትን እሁድ እሁድ ለእኛ ያስተላልፋሉ። ችግሩ ሚስ ፊሎሜና ከሊዝበን የወጡት በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ውስጥ መሆኑ ነው። ሶ፣ በእትዬ ሸዋረገድ ሊዝበን ከዚያ ወዲህ አንድም ሱቅ አልተዘጋም፤ አንድም ሰው አልሞተም።

የዚህን ጣጣ በመጀመሪያ የቀመሱት ጌትነትና ሐዳሳ ናቸው። ጫጉላቸውን ሊያሳልፉ ሊዝበን ሲሄዱ እትዬ ሸዋረገድ፣ «ካፌ ውስጥ ስለ መንግሥት እንዳታወሩ፤ አጠገባችሁ ጋዜጣ የሚያነበው ሰውዬ ሰላይ ነው» ብለው መከሯቸው። እርግጥ ሚስ ፊሎሜና ወጣት ሳሉ ፖርቱጋል በአምባገነን ትገዛ ነበር፤ ያ ሥርዓት ከወደቀ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ምክሩን ከእኛ መካከል አንድም ሰው አልተጠራጠረውም። ካፌ ውስጥ ሰላይ አለ ሲባል ለሐበሻ ማስረጃ አያስፈልገውም። ጌትነት፣ የተማረ ኢንጂነር፣ ሳምንቱን ሙሉ ሚስቱን በሹክሹክታ ሲያወራት ከረመ። ሐዳሳ ፍቅር ነበር የመሰላት። እስከ ዛሬ፣ «እንደዚያ ተጠግቶ በጆሮዬ አውርቶኝ አያውቅም» ትላለች።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። እኔና ባለቤቴ ስምዖን የተጋባንበትን ቀን ለማክበር፣ ልጆቹን ለእናቱ ትተን፣ ሊዝበን ልንሄድ ትኬት ቆረጥን። ስልኩ ጮኸ።

«ኤልዳና፣ የምታደርጊው ጫማ ሶሉ ምንድን ነው?»

«እ? ማለቴ… ጫማ ነው፣ እትዬ።»

«ጎማ ይሁን! የሊዝበን የእግረኛ መንገድ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ሲነካው ሳሙና ነው የሚሆነው። ለስምዖንም ንገሪው። ሁለተኛ፣ ምግብ ቤት ስትቀመጡ ሳታዝዙ ዳቦና የወይራ ፍሬ ያመጡላችኋል። ግብዣ እንዳይመስላችሁ፤ ከነካችሁት ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ካልፈለጋችሁ መልሱት፣ ማንም አይቀየምም። ሃያ ስምንት ቁጥር ትራም ላይ ቦርሳሽን በደረትሽ በኩል ያዢ። ቀን ሞቀ ብለሽ ሹራብ እንዳትረሺ፤ ወደ ማታ ከውቅያኖሱ የሚነሳ ነፋስ አለ። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ደግሞ ቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው በር ድረስ ይመጣሉ። መጀመሪያ የጠሩትን ዋጋ እንዳትቀበያቸው!»

«እትዬ፣ የምናርፈው ሆቴል ነው። ዓሣውን የት እንጠብሰዋለን?»

«እሱን የሆቴሉ ሰው ያውቃል» አሉና፣ ለመዝጊያ ያህል፣ «ፖርቱጋሎች ለእኛ አገር ድልድይ ሠርተዋል፤ እናንተ ደግሞ ሄዳችሁ የእነሱን ተሻገሩ» ብለው መረቁን።

ከጉዞው በፊት በነበረው እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ እየተጣደፉ መጡ። እጃቸው ላይ አዲስ ሰማያዊ ፓስፖርት ነበር። የአሜሪካ ዜግነታቸውን ከተቀበሉ ገና ብዙ አልቆዩም።

«ትኬት ቆረጥኩ» አሉ።

«ወዴት?» አልኩ።

«ወዴት ይባላል እንዴ?»

ስምዖን የመኪናውን በር ከፍቶ እንደያዘ ቀረ። «የትኛው ፍላይት ነው፣ እትዬ?»

«የእናንተው ነዋ። ሌላውን ምን አውቄ!»

«ኦኬ… ማለቴ፣ ይሄ እኮ አኒቨርሰሪያችን ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ኋላ ኋላ ነው የምከተላችሁ፤ አላስቸግራችሁም።»

እትዬ ሸዋረገድ ከሰው ኋላ ሲሄዱ አይተን አናውቅም። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሚስ ፊሎሜና ናቸው የላኩኝ። ከእንግዲህ አውሮፕላን አይችሉም። አልፋማ የሚባለው ሰፈር፣ እናታቸው ቤት ሥር ዳቦ ቤት ነበረ፤ ‹ሄደሽ እዪልኝ፣ ሌላ ሰው አላምንም› አሉኝ። እኔ ስመለስ አሉም አይሉም፣ እግዜር ያውቃል። ልጃቸው ሳምንቱን አብራቸው ትሆናለች።»

እኚህ ሴት እኔ ሳውቃቸው ቫኬሽን ወስደው አያውቁም። ስምዖን በሩን ዘጋና፣ «ወንበርዎ የት ነው? አብረን እንሁን እንጂ» አላቸው።

ሊዝበን ስንደርስ የታክሲው ሾፌር ከብራዚል የመጣ ወጣት ነበር፤ ከተማውን የሚያውቀው በስልኩ ነው። እትዬ ሸዋረገድ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «በወንዙ በኩል! በወንዙ በኩል ንገሩት!» እያሉ መሩት። አልተሳሳቱም፤ ወንዙ ያለበት ቦታ አልተቀየረማ። ማግስቱን ካፊያ ነበር። ስምዖን ባማረ የቆዳ ጫማው አንድ ቁልቁለት ሲወርድ ተንሸራተተና ነጩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።  እትዬ ሸዋረገድ ጎንበስ ብለው የጫማውን ሶል ብቻ አዩት። ባለቤቴ ከውድቀቱ ይልቅ ያ አስተያየት ነው ያመመው። ወደ ማታም ነፋሱ በሰዓቱ መጣ፤ የለበስኩት ሹራብ እሳቸው በትርፍነት የያዙት ነበር።

ድንጋዩ፣ ዳገቱና ነፋሱ እንደተባሉት ተገኙ። ሰው የሠራው ነገር ግን አንዱም ቦታው የለም። ሚስ ፊሎሜና ጫማ ያሠሩበት ቤት አይስክሬም ይሸጣል። አባታቸው ፀጉር የተስተካከሉበት ቤት የስልክ ሽፋን ሱቅ ሆኗል። እትዬ ሸዋረገድ በእያንዳንዱ በር ፊት ቆም ይሉና፣ «ለምሳ ዘግተው ነው» ይላሉ። ስለ ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ ጠየቁት፤ ልጁ በርኅራኄ አያቸው። «ዛሬ በዓል መሆን አለበት» አሉን።

አንድ ከሰዓት አልፋማ ገባን። መንገዱ ጠባብ፣ ዳገቱ ደረጃ ብቻ፣ ከመስኮት መስኮት ልብስ ተሰጥቷል፤ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ የተጠበሰ ሰርዲን ይሸታል። እትዬ ሸዋረገድ የቤቱን ቁጥር እንደ ስማቸው ያውቁታል። ከፊት ከፊታችን እየወጡ፣ በየመታጠፊያው እጃቸውን እያወጡ መሩንና አንድ ሰማያዊ የሸክላ ንጣፍ የተለበጠበት ግድግዳ ጋ ቆሙ።

ዳቦ ቤቱ የሻንጣ ማስቀመጫ ሆኗል። በመስተዋቱ ውስጥ የቱሪስት ሻንጣዎች ተደርድረው ይታያሉ። የሚጠብቃቸው ወጣት ብቅ ብሎ፣ «ሻንጣ አላችሁ?» አለን በእንግሊዝኛ።

እትዬ ሸዋረገድ ለምሳ ዘግተው ነው አላሉም።  ድንገት አሮጊት መሰሉኝ። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ ስልካቸው ጮኸ። ሪቻርድሰን ገና ጠዋት ነበር።

«ደረሽ?» አሉ ሚስ ፊሎሜና። ድምፃቸው ለእኛም ይሰማል።

«ደርሻለሁ። በሩ ላይ ነኝ።»

«ዳቦ ቤቱስ?»

እትዬ ሸዋረገድ ሻንጣዎቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «አለ» አሉ።

«ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው እንጂ! ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ነው። ዳቦው አሁን ነው የወጣው፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ባለቤቱ ዱቄት በዱቄት ሆኗል። ወፍራም ነው፤ ይስቃል።»

 መስመሩ የተቋረጠ መሰለን። ከዚያ ሚስ ፊሎሜና ሲስቁ ሰማን፤ እየሳሉ ሳቁ፣ ልጃቸው ውሃ ስታቀርብላቸው ይሰማል።

«ሸዋ፣ ያ ዳቦ ቤት እኔ እዚያ ሳለሁ ነው የተዘጋው! ሰውየው ምድጃውን ሸጦ ብራዚል ሄደ።»

«እንዴ! ታዲያ እዪልኝ ብለው ለምን ላኩኝ?»

«ለራስሽ ሂጂ ብልሽ ትሄጂ ነበር?»

ጥያቄውን ራሳቸው መለሱት። ሚስ ፊሎሜና፣ «አትሄጂማ» አሉ። «ለእኔ ሲሆን ግን ጨረቃም ትሄጃለሽ። በይ አሁን ወደ ላይ ውጪ፣ ወንዙን እዪው። ቆይ፣ ከዚያ በፊት ስለ ወፍራሙ ሰውዬ ቀጥይልኝ፤ ደስ እያለኝ ነው።»

እትዬ ሸዋረገድ ቀጠሉላቸው። ሰውየው ሚስት አገኘ፤ ሚስቱ ልጅ ወለደች፤ ልጁ ዳቦ ሰርቆ ሮጠ። እኔም ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ፣ «ዳቦው በጣም ትኩስ ነው፣ ሚስ ፊሎሜና» አልኩ፤ ሰው መዋሸት ይህን ያህል እንደሚያስደስተው አላውቅም ነበር። ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ሸዋረገድ ወደ እኛ ዞረው፣ «ዋሹኝ እኮ!» አሉ፤ ከልባቸው ተቀይመው።

«ሁለታችሁም ነው የዋሻችሁት» አላቸው ስምዖን።

ትንሽ አሰቡበትና መሳቅ ጀመሩ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። የሻንጣው ልጅ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ወንበር አወጣላቸው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ «ዛሬ ብቻችሁን ዋሉ። ለዚህ አይደል የመጣችሁት?» ብለውን በበኩላቸው ወጡ። እኔና ስምዖን እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። የሚያዝዘን የለም። የፈለግነው ካፌ ገባን፣ የመጣውን ወይራ በላን፣ በተሳሳተ አቅጣጫ ተራመድን። እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ዳር ወዳለው ሰፊ አደባባይ ደረስንና ደረጃ ላይ አረፍን።

«ያ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ማነው?» አለ ስምዖን ወደ ሐውልቱ እያየ።

«እኔ እንጃ። ጎግል አድርገው።»

ጎግል አደረገና አነበበልኝ፤ የንጉሥ ስም ነበር፣ ዓመተ ምሕረትም ነበረው። አንዱንም አልሰማሁትም። እሱም ሲያነብ ለራሱ አልጣመውም መሰል፣ መሐል ላይ አቆመ። ወንዙን አየን።

«ብንደውልላቸውስ?» አለ።

እኔ ቀድሜ ደውዬ ነበር። «የት ናችሁ? አትንቀሳቀሱ!» አሉና ዘጉት።

ብዙም ሳይቆዩ አደባባዩ መግቢያ ላይ ባለው ትልቅ ቅስት ሥር ብቅ አሉ፤ ብቻቸውን ግን አልነበሩም። ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ ካሜራ ያንጠለጠለች ሴት፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ አንድ አባት እየተከተሏቸው ነው። እሳቸው ወደ ኋላ ዞር እያሉ በእንግሊዝኛ ስለ ወይራው ያስጠነቅቋቸዋል። እንዳያጡን ፈርቼ ብድግ ብዬ እጄን በሰፊው አወዛወዝኩ።

«እነዚህን መንገድ ላይ አገኘኋቸው» አሉኝ እየተነፈሱ፤ «ከተማውን አያውቁትም።»

ስምዖን፣ ስሙን ከነዓመተ ምሕረቱ አሁን ያነበበው ባለቤቴ፣ ወደ ሐውልቱ በአገጩ አመለከተ። «እትዬ፣ ይሄ ፈረሰኛ ማነው?»

እትዬ ሸዋረገድ ቀና ብለው አዩት። ስለ እሱ ምንም ሰምተው እንደማያውቁ ፊታቸው ላይ በግልጽ ይነበባል። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ቁጭ በሉ» አሉ።

ሁላችንም ቁጭ አልን።