ለኪተን ሬይ ክንድ የተደረገ ሕዝባዊ ርብርብ

የአንድ ከተማ ታላቅነት የሚለካው ባቆመቻቸው ሐውልቶችና ባፈራቻቸው ሊቃውንት ነው ይባላል። በምዕራብ ቴክሳስ በጥጥ ማሳና በነዳጅ ፓምፕ መካከል የተቀመጠችው ከተማችን ሐውልት የላትም። ሊቃውንት ግን ሞልተዋታል፤ ሁሉም የተካኑት በአንድ ዘርፍ ነው፤ እሱም በአሜሪካ እግር ኳስ ኳርተርባክ የሚባለው ወርዋሪ ኳስ እንዴት መወርወር እንዳለበት ነው። ከመካከላችን ለዚህ ሥራ ተመርጦ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ትራክተር ሻጩ ቨርነን ሃቸል። በወጣትነቱ የትምህርት ቤታችን ቡድን ሦስተኛ ተጠባባቂ ነበር። አንድም ቀን ሜዳ አልገባም፤ ስለዚህ እውቀቱ በልምድ አልተበከለም።

በዚያ መኸር እግዚአብሔር በኪተን ሬይ ፈተነን። ኪተን ረጅም፣ ትሑት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሥራው ሞላላውን ኳስ ተቀብሎ ወደ ፊት ለሚሮጡት ጓደኞቹ መወርወር ነበር። ኳሱ ግን ከጓደኞቹ በቀር የማይደርስበት ቦታ አልነበረም። አንድ ዓርብ፣ ጨዋታ መሐል፣ የትምህርት ቤቱን የማርሽ ባንድ ትልቅ ከበሮ መታ፤ ከበሮ መቺው ተራው የደረሰ መስሎት ጀመረ፣ ባንዱም ተከተለው።

ሰው በሥልጠና ይሻሻላል ወይስ አይሻሻልም በሚለው ጥያቄ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ግማሹ፣ ወርዋሪ ከእናቱ ማሕፀን ወርዋሪ ሆኖ ይወጣል አለ። ግማሹ ደግሞ ይሻሻላል፣ የምናሻሽለውም እኛ ነን አለ። ጥፋቱ የአሠልጣኝ ሮይስ ደኒጋን መሆኑ ላይ ግን አንድም ልዩነት አልነበረም።

እኛ ጨዋ ሕዝብ ነን፤ ስንሸነፍ አሠልጣኝ አንሳደብም። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ደጃፍ ሣሩ ላይ «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ተክለንለት በሰላም እንመለሳለን። በዚያ መኸር ሰሌዳው በዝቶ ሣሩን ማጨድ አልተቻለም። ከኦክላሆማ የመጡ ባልና ሚስት በር አንኳኩተው ወጥ ቤቱን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ፤ የአሠልጣኙ ሚስትም ምን ታድርግ፣ አሳየቻቸው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ በበኩሉ በመጨረሻው ጨዋታ፣ በጎረቤታችን በብራንሰን ከተማ ቡድን ከተሸነፍን አሠልጣኙ ሥራውን እንደሚያጣ በአክብሮት አስታወቀው። ሰውየው ከዚህ ሥራ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ሦስት ሴት ልጆቹም እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ፊቱ ሲገረጣ እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ፀጉሩን የማስተካክለው እኔ ነኝ።

ሕዝባዊው ርብርብ የተጀመረው ያኔ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ሃምሳውንም ሎሚ ለኪተን አሸከምነው። በየቀኑ ልምምድ ሲጀመር ሥራችንን ዘግተን ሜዳው ዳር እንሰለፋለን። ቨርነን ክርኑን፣ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ላይል ፉክስ መንጋጋውን፣ እኔ ደግሞ በሙያዬ ምክንያት አንገቱን ያዝን። ፓስተራችን አተነፋፈሱን ወሰዱ።

«ክርንህን ከፍ አድርግ ልጄ» አለ ቨርነን።

«ኧረ ዝቅ ያድርግ» አለ ዶክተር ፉክስ፣ «ከፍ ሲያደርግ መንጋጋው ይገተራል።»

ኪተን ኳሱን እንደያዘ ቆመ። «የትኛውን ላድርግ ጌታዬ?»

«ሁለቱንም» አለ ቨርነን። «ግን ሳታስብበት።»

ልጁ ታዛዥ ነውና ሞከረ። ኳሱ ወደ ኋላ ሄደ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ምክራችን ተባብሮ የልጁን ክንድ አሰረው። በሳምንቱ መጨረሻ ኪተን ከመወርወሩ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ፓስተሩ ጸሎት መስሏቸው ደስ አላቸው። ኋላ ስንጠይቀው መመሪያዎቻችንን በተራ እየደገመ መሆኑን ነገረን፤ እኛም ደስ አለን።

ሰኞ ዕለት አሠልጣኝ ደኒጋን ቁርስ ከምንበላበት ኬክ ቤት መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ከጠረጴዛችን ራስጌ ቆመ።

«አንድ ልመና ነበረኝ» አለ። «እናንተ ሜዳ ዳር ቆማችሁ ስትናገሩ ነፋሱ ግማሹን ይወስደዋል። እንዲህ ያለ እውቀት በነፋስ ሲባክን ያሳዝነኛል።»

«ልክ ነህ» አለ ቨርነን። «እኔም አስቤው ነበር።»

«እዚሁ ተቀምጣችሁ ብትመክሩበትስ? በደንብ ተከራክራችሁ የወሰናችሁትን ላኩልኝ፣ አደርሰዋለሁ።»

«መቼ መቼ እንሰብሰብ?»

«ልምምድ ሲጀመር» አለ አሠልጣኙ። «እስኪያልቅ።»

«ቡናና የፒካን ኬክ ይኖራል?»

«ኬኩ በኔ ነው።»

እዚያው በአንድ ድምፅ የውርወራ ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ተቋቋመ። ቨርነን ሊቀ መንበር ሆነ። ውይይቶቻችን እጅግ ጥልቅ ስለነበሩ የክርኑን ጉዳይ ሳንቋጭ ሳምንቱ አለቀ። የተስማማንባቸውን ውሳኔዎች ግን ያለማመንታት እንልክ ነበር፤ አሠልጣኙም ሁልጊዜ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ይለናል። እንዲህ ያለ ትሑት ባለሙያ ብርቅ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ውሳኔ ላደርስ እኔ ተላክሁ። ሜዳው ጸጥ ብሏል። ኪተን ኳሱን ይቀበላል፣ ግራ እግሩን ወደ ጓደኛው አቅጣጫ አንሥቶ ያሳርፋል፣ ይወረውራል። ደግሞ ይቀበላል፣ ደግሞ ያሳርፋል። ትልልቆቹ ልጆች ሊጥሉት እየተንደረደሩ ሲመጡበት እንኳ እንደ ድሮው ወደ ኋላ አይለጠጥም። አሠልጣኙ ዝም ብሎ ያያል፤ አልፎ አልፎ «እግርህን» ይላል፣ ሌላ ቃል የለም። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ። የምክር ቤታችንን ያህል የሐሳብ ሀብት ይዞ ልጁን በአንድ እግር ብቻ ማድረቁ ድህነት መሰለኝ።

«ሌላ ነገር አታስተምረውም?» አልኩት።

«ይህን ሲጨርስ።»

«አሰልቺ አይደለም እንዴ?»

«በጣም እንጂ» አለ፣ ዓይኑን ከልጁ እግር ሳያነሣ። «ኪተን፣ ሰለቸህ?»

«አዎ ኮች።»

«እንግዲያው ገና ነህ። ቀጥል።»

ኪተን ሳቀና ቀጠለ። ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የብራንሰን ጨዋታ ዕለት ሱቅ ሁሉ ተዘጋ። አሠልጣኙ መስመሩ ዳር እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል፤ ሚስቱና ልጆቹ ከመቀመጫው መጨረሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በትንሽ ነጥብ እየተመራን ነበር። ኪተን ኳሱን ተቀበለ። ሁለት ግዙፍ የብራንሰን ልጆች ሊያፈርጡት ተምዘገዘጉ። ግራ እግሩን አሳረፈና ወረወረ። ኳሱ ከሁለቱ ትከሻ በላይ አልፎ፣ ግቡ ጥግ ላይ የሚሮጠው ጓደኛው እጅ ውስጥ ገባ። አሸነፍን። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። የአሠልጣኙ ሚስት ልጆቿን አንድ ላይ አቅፋ አልለቅ ብላ ነበር።

«ክርኑን አያችሁልኝ?» አለ ቨርነን። ዶክተር ፉክስ ያየው መንጋጋውን ነበር። ፓስተሩ ትንፋሹን ከሩቅ ሰምተውታል። እኔም አንገቱን አይቻለሁ፤ እንከን አልነበረውም።

አሠልጣኙ ሥራው ጸናለት። በድል ግብዣው ላይ ቨርነን ተነሥቶ ንግግር አደረገ፤ ይህ ድል ራዕይ ያለው አመራር፣ የባለድርሻ አካላት ቅንጅትና የማይናወጥ ክርን ውጤት መሆኑን አብራራ። በመጨረሻም የምክር ቤቱን ታሪካዊ ውሳኔ አበሠረ።

«ወገኖቼ፣ ኬክ ቤት ተቀምጠን ይህን ያህል ከሠራን፣ አጠገቡ ብንቆም ምን ልንሠራ ነው? ከመጪው ዓመት ጀምሮ ምክር ቤቱ ስብሰባውን ወደ ሜዳው ያዛውራል። መሐል ሜዳ!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። አሠልጣኝ ደኒጋን ሹካውን ቀስ ብሎ ሳሕኑ ላይ አስቀመጠ።

«ዝናብ ሲሆንስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጃንጥላ አለን» አለ ቨርነን።

በጸደይ ወራት አሠልጣኙ ብራንሰን መቀጠሩን ሰማን። በመኪና ግማሽ ሰዓት ስለሆነ ቤቱን እንኳ አልለቀቀም። ብዙም ሳይቆይ የኪተን እናት እዚያው ብራንሰን ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኘችና ልጇን ይዛ ሄደች። ሰው ውለታ ቢስ ነው ብለን አላማረርንም። አሠልጣኝ ቢሄድ ሥልጠናው ያለው እኛ ዘንድ ነው። አዲስ ልጅ፣ ብሬንት ኦልዳምን መረጥን፤ ምክር ቤቱም በሙሉ አባላቱ መሐል ሜዳ ቆሞ ከበበው። ክንዱ ሲመጣ ደህና ነበር። በመስከረም ኳሱን ለመያዝ ፈቃድ ይጠይቀን ጀመር።

በመኸሩ መጨረሻ ብራንሰን እኛ ሜዳ መጣ። ውጤቱን መጥቀስ አያስፈልግም፤ በምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብም ተከልክሏል። ኪተን እግሩን ያሳርፋል፣ ይወረውራል፤ ያሳርፋል፣ ይወረውራል። ኳሱም እንደ ተላከ ሰው ይደርሳል። እኛ ግን በመጨረሻው ቆመን አጨበጨብን፤ አጠገባችን የነበሩት የብራንሰን ሰዎች ግራ ገባቸው።

«ተሸንፋችሁ ምን ያስጨበጭባችኋል?» አለ አንዱ።

«የእጃችንን ሥራ እያየን ነው» አለ ቨርነን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ያ ክርን የኛ ነው።»

ወዲያው እዚያው መቀመጫው ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሰው በሥልጠና እንደሚሻሻል ከእንግዲህ አያከራክርም፤ ማስረጃው ፊታችን አሸንፎን ወጥቷል። ስለዚህ ምክር ቤቱ በአንድ ድምፅ ወሰነ፦ ዘዴያችን ይህን ያህል ኃይለኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ዳግመኛ ለባላጋራ እንዳይተርፍ፣ ከዛሬ ጀምሮ በራሳችን ልጆች ላይ ብቻ ይሠራበት።

ውሳኔው በድምፅ ማጉያ ሲነበብ የብሬንት እናት ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሕዝቡን እየገፋች ወረደችና የኪተንን እናት ከሜዳው መውጫ በር ላይ ደረሰችባት፤ ብራንሰን ውስጥ የሚከራይ ቤት ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት።