ራዲያተር የጠጣው ጠበል

ጅቡቲ ውስጥ ውሃ እንግዳ ነው፤ ገና ሳይቀመጥ ይነሳል። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ልወለውል ጨርቅ ፍለጋ ስዞር ተንኖ ይጠብቀኛል። አሠሪዬ ማዳምም ሽቶዋን ተቀብታ ሳትወጣ ሽታው ቀድሟት ይወጣል። በቀላሉ የማይተን ብትሉኝ ሁለት ነገር አውቃለሁ፤ ናፍቆትና ግላይኮል።

ግላይኮልን ያስተዋወቁኝ የአገሬ ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ ጋሼ ታፈረ ናቸው። ራዲያተር ውስጥ የሚጨምሩት አረንጓዴው ኩላንት ውስጥ አለ። ውሃው በብርድ በረዶ እንዳይሆን ነው ሲሉኝ «በረዶ በሌለበት አገር ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው «ውሃው ቶሎ እንዳይፈላም ይይዘዋል» አሉኝ። ጣፋጭ ነው አሉ፤ ግን መርዝ ነው። ፍየል እንዳይልሰው የፈሰሰውን አፈር ያለብሱታል። ሌላው ዘመዱ ደግሞ የማዳም ቅባት ውስጥ ተቀምጦ ፊቷ እንዳይደርቅ እርጥበት ይይዝላታል። ከአንድ ቤት ገዳይም አሳማሪም ይወጣል፤ እኛስ ዘንድ ያው አይደል?

ወደ ነገሬ ልመለስ። እዚህ ጋቦዴ ሰፈር ሰው ቤት ከተቀጠርኩ ወዲህ አገሬን አላየሁም። በስልክ «ሙቀቱ ገደለኝ» ብላት፣ እማዬ ከሰፈራችን ጠበል አንድ ጀሪካን ቀድታ «ሰውነቷን ያብርድላት» ብላ በጋሼ ታፈረ ላከችልኝ። ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄጄ ተቀበልኩ። ጀሪካኑ ቀለለኝ።

«የጋላፊን ድንበር እንዳለፍኩ የራዲያተሩ ቱቦ ተቀደደ» አሉኝ መሬት መሬት እያዩ። «ቱቦውን አሰርኩት፤ የያዝኩት ውሃ ግን አለቀ። በዚያ በረሃ ምን ላድርግ? ይቅር በይኝ እህቴ።»

ተናደድኩ። አለቀስኩም። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ የረጠበ አፈር፣ የእናቴ ደጅ፣ የልጅነቴ ጠዋት ሁሉም እዚያ ነበሩ። ውሃው ብቻ የለም። ከራዲያተሩ መልሰው እንዳይቀዱልኝ ከግላይኮል ጋር ተጋብቷል፤ ማን ያፋታቸዋል? ሲሞቅ የሚተነውም ውሃው ነው፤ ግላይኮሉ ይቀራል። ናፍቆትም እንዲሁ ነው፤ እንባው ይደርቃል፣ እሱ ይቀራል።

እማዬ ደወለች። «ጠጣሽው?»

በጠበል አይዋሽም፤ እውነቱን ነገርኳት። መቼም ከዚህ በኋላ ምንም አትልክልኝም ብዬ ፈራሁ።

«ታፈረ በሰላም ገባ?» አለችኝ።

«ገቡ።»

«ተመስገን» አለችና ስለወለደችው ላማችን አወራችኝ።

በሚቀጥለው ጉዟቸው ጋሼ ታፈረ ሁለት ጀሪካን ይዘው መጡ። አንዱን ሰጡኝ፣ ሌላውን ጋቢና ውስጥ መለሱት።

«እሱስ?» አልኳቸው።

«እናትሽ ናቸው» አሉ እየሳቁ። «‘አንዱ የልጄ፣ አንዱ የመኪናው’ ብለዋል።»