ሰው ሲበላ እንጫወታለን

መዝናኛ ቦታን እንደ ጦር ሜዳ የሚያይ ዘመድ እናንተም ጋ አለ? እኛ ጋ አለ፤ የባለቤቴ ወንድም ሸምሱ።

በአረፋ ማግስት ቡታጅራ ያለው የልጆች መጫወቻ ሰው በሰው ሆነ። ልጄ ሃያት የሚሽከረከሩትን ፈረሶች እያየች ልታለቅስ ደረሰች፤ የሰልፉ ጫፍ አይታይም። ሸምሱ ግን ፈገግ አለ።

"ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ምሳ ይበላል። ያኔ ፈረሱ የእኛ ነው!"

እውነትም ስድስት ሰዓት ላይ ሰልፉ ተበተነ። ጉዞ ጀመርን። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ አገር ምሳ የሚበላን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል? ሳሩ ላይ ምንጣፍ ያነጠፈ ሁሉ "ኑ፣ ቢስሚላህ!" ይላል። "በልተናል" ብንል ማን ሰምቶን! እዚህ ክትፎ፣ እዚያ ቆጮ በአይብ። ሸምሱ "ቸኩለናል" የሚለው በጉርሻ በተሞላ አፉ ነው።

እያለከለክን ደረስን። ሰው የሚባል የለም! ሃያት ዘላ ወጣች። ፈረሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

የሚያሽከረክረው ሰውዬ ጥግ ይዞ የምሳ ዕቃውን እየከፈተ ነበር። ቀና ብሎ አየንና ፊቱ በራ።

"በሰዓቱ መጣችሁ! ኑ፣ እንብላ።"

ጄኔራላችን እጅጌውን ሰበሰበ። ሃያት ግን ቦታዋን ላለማስነጠቅ፣ ከፈረሷ ሳትወርድ አፏን ከፈተች።