የት ይሄዳል የተባለው ባሕር

እኛ ጎጃሞች በውሃ ወሬ ማንም አይችለንም። አባይን በዘፈን እናሞግሰዋለን፣ እዚያው ዘፈን ላይ መልሰን እንወቅሰዋለን፤ ምንጩም የእኛ፣ ጠበሉም የእኛ፣ ቅኔውም የእኛ ነው። ወደ ባሕር ሲመጣ ግን ዝም ነው። ባሕር ስንል ጣናን ማለታችን ነው። ከዚያ ያለፈው በካርታ ላይ የተቀባ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ከቀለሙ ያለፈው ደግሞ «ባሕር ማዶ» ይባላል፤ ሄደው ስልክ የማያነሱ ዘመዶቻችን የሚኖሩበት አገር። ከእናንተ መካከል ባሕር ያየ ካለ እንኳን ደስ አለው። እኔ አላየሁም።

አላየሁም ማለት ግን አላስተምርም ማለት አይደለም። ፍኖተ ሰላም ላይ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ «ይህ አገር በጥንት ዘመን ባሕር ነበር» እላለሁ፤ ከዚያም ሰሌዳው ላይ ዛጎል እስላለሁ። ስዕሌ ድንች ይመስላል። ባለፈው ዓመት ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» አለችኝ። «በመጽሐፍ» አልኋት። «በመጽሐፍማ እኛም አይተናል» ብላ ተቀመጠች።

ይህን የደረሰብኝን ለአከራዬ ለእትዬ ጥሩወርቅ እየሳቅሁ አወራኋቸው። በረንዳቸው ላይ ጌሾ ይቀነጥሱ ነበር። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸው ጌሾው ላይ ቀረ።

«ባሕር? እዚህ? እኛ አገር?»

እትዬ ጥሩወርቅን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባሕር ዳርቻ የኖረ ሰው ቢፈለግ ከእሳቸው ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ገና በለጋነታቸው ደምሴ የሚባሉ የቡሬ ተወላጅ መርከበኛ አግብተው ምጽዋ ወርደው ነበር። ሁለት ዓመት ኖሩ። ጦርነቱ ከከተማው ደጃፍ ሲደርስ ሚስቶችንና ሕፃናትን በጭነት መኪና ማውጣት ተጀመረ። አቶ ደምሴ ወደ መርከባቸው እየሮጡ ዞር ብለው «አታልቅሺ፤ ባሕሩ የት ይሄዳል? ባሕሩ እስካለ እኔም አለሁ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ መርከቢቱ ሰጠመች ያለ አለ፤ የመን ገባች ያለም አለ። ሬሳ የለ፣ ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። እትዬ ጥሩወርቅም ጥቁር አልለበሱ፣ ሌላ አላገቡ፣ ቀለበታቸውን አላወለቁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት! ሰው «ባለቤትዎስ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ባሕር ላይ ነው» ይላሉ፤ ሌላው ሰው «ገበያ ነው» እንደሚለው።

«እንግዲያው እንፈልገው» አሉኝ። ዛጎሉን ይሁን ባሕሩን አልገለጡልኝም።

መጀመሪያ የሄድነው ማንኩሳ አጠገብ ነው፤ መንገድ ሠሪዎች ኮረብታ ቆርጠው ያቆሙት የድንጋይ ግድግዳ አለ። እኔ መዶሻ፣ እሳቸው ጥላ ይዘን ግማሽ ቀን ድንጋይ ስናገላብጥ ዋልን። እንደምታውቁት በእኛ አገር ሁለት ሰው መሬት መሬት ካየ አሥር ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «ወርቅ ነው?» አለ፤ ሌላው «የጠፋ ቁልፍ ነው» ብሎ መለሰለት። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ቀስ አድርገው ጠየቁኝ።

«ምን ጠፋህ፣ ልጄ?»

«ባሕር ነው፣ አባቴ።»

አዘኑልኝ። በከዘራቸው ወደ ሰሜን አመለከቱና «ተሳስተሃል፤ ባሕር ዳር በወዲያ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ የጂኦግራፊ መምህሩ ባልደረባዬ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ለካ የእሳት ልጅ ነው፤ ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ። ባሕሩ ከእሱ ሥር ነው የተቀበረው። «ባሕሩን የፈለገ፣ አባይ ቆርጦ እስከሚያሳየው ድረስ መውረድ አለበት» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት በዘፈን ስንወቅሰው የኖርነው አባይ ለካ ቁፋሮ ላይ ነበር።

መንገድ ዛሬ ተዘግቶ ነገ የሚከፈትበት ዘመን ስለሆነ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ ተነሥተን ደብረ ማርቆስን፣ ደጀንን አለፍን። መንገዱ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ምድሩ ልብሱን ይለውጣል። ጥቁሩ ያልቅና እንደ ብራና ቅጠል የተነባበረ ነጭና ቢጫ ድንጋይ ይመጣል። «ወራጅ አለ» ስል የአውቶቡሱ ረዳት ግራ ገባው።

«እዚህ ገደል ላይ ማን አላችሁ?»

«የጥንት ዘመድ» አሉት እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ።

ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ከላይ ዝንጀሮ ያየናል፣ ከታች ጭነት መኪና ያጓራል። እኔ መንገዱ ዳር ያለውን ግድግዳ በመዶሻ እደበድባለሁ፤ የማገኘው ሁሉ ስባሪ ነው። እሳቸው ጥላቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ተከትለው፣ ቆም እያሉ፣ በዓይናቸው ብቻ ይሄዳሉ። ዕድሜ ልኩን ምስር የለቀመ ዓይን ነው። ብዙም ሳይቆዩ «መምህር፣ ና እስቲ» አሉኝ።

ከግድግዳው ተንከባልሎ ከወደቀ ድንጋይ ላይ አንድ ዛጎል ተቀምጧል። ጡጫ ያክላል። ሁለቱ ክዳኖቹ እንደተገጠሙ ናቸው፤ በጀርባው ላይ ያሉት መስመሮች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። አሥራ ስድስት ዓመት የሳልሁት ድንች ይኸው እውነተኛ መልኩን ይዞ ብቅ አለ። ዙሪያውን ፈልፍዬ አወጣሁትና በመዳፋቸው ላይ አኖርሁላቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ብዙ ቆዩ።

«ምጽዋ ሳለን እንዲህ አድርገን ባሕሩን እንሰማ ነበር» አሉ። «ይኼ ግን ዝም አለ።» ዛጎሉን ከጆሯቸው አውርደው አዩት። «ይህ ሲኖር ውሃው እዚህ ነበር አልኸኝ?»

«አዎ፤ ከራሳችን በላይ ሁሉ ባሕር ነበር።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

መምህር ነኝና አስረዳሁ። ምድሩ ከፍ እያለ መጣ አልሁ፤ ውሃው በብዙ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ሸሸ አልሁ፤ ጭቃው ድንጋይ ሆነ አልሁ። ስለ እሳተ ገሞራው ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ሄደ ማለት ነው?»

«ሄደ።»

የድንጋዩ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። «እሱ እኮ ባሕሩ የት ይሄዳል ብሎኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «አያውቅም ነበር። ምን ያውቃል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ዛሬ ቢሆን ልጄ ይሆናል።» ከዚያም ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ማፈሬን ልናገር፤ እሳቸው ሲያለቅሱ የእኔ ዓይን ዛጎሉ ላይ ነበር። ክፍል ውስጥ ስገባ፣ ያችን ልጅ «ነይ እስቲ ውጪ» ስላት፣ ይህ ሁሉ በልቤ ይመላለስ ነበር። እንዴት ብዬ እጠይቃቸው ይሆን ስል ጊዜ እሳቸው ፊታቸውን ጠርገው ዘረጉልኝ።

«ውሰደው። ለልጆቹ አሳያቸው፤ እኔ ካየሁ ይበቃኛል። አንተ ግን በመጪው ቅዳሜ ቡሬ አብረኸኝ ሂድ። እዚያ ታላቅ እህቱ አለች። ተዝካሩን ላወጣለት ነው። ለእሷ መንገሩ ብቻ ነው ያስጨነቀኝ፤ ብቻዬን አልችለውም።»

በቀጠሮው ቡሬ ደረስን። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዘን፣ እህል የጫኑ መኪኖች የሚርመሰመሱበትን አልፈን፣ ከወይዘሮ የሺ ቤት ገባን። የአቶ ደምሴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በከዘራ የሚሄዱ ጠና ያሉ ሴት። ሳሙን፤ ተቀመጡ፣ ምሳ ቅመሱ ሆነ። እትዬ ጥሩወርቅ ጉርሻውን ያዙት እንጂ አልጎረሱትም። በነገሩ ዙሪያ ሲዞሩ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማዳበሪያ ሲያወሩ ቆይተው በመጨረሻ አንገታቸውን ደፉ።

«እትዬ የሺ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ የሚመጣ አይመስለኝም። ተዝካሩን እናውጣለት።»

እኔ በሩን ማየት ጀመርሁ፤ ጩኸት ይከተላል ብዬ። የተከተለው ግን የወይዘሮ የሺ ሹክሹክታ ነው።

«ጥሩዬ፣ ፍትሐቱ እኮ ተደርጎለታል።»

«መቼ?»

«በሦስተኛው ዓመት። ከእሱ ጋር የነበረ አንድ ጓደኛው መጥቶ መርከቢቱ ስትሰጥም አይቻለሁ አለን። እናታችን ልብሱን አቅፋ አለቀሰች። ተዝካሩንም አወጣን።»

«ለእኔ ሳትነግሩኝ?»

«አንቺ እየጠበቅሽው! ቀለበትሽ ከጣትሽ ሳይወጣ፣ በየፋሲካው ሸሚዝ ገዝተሽ እያመጣሽ፣ ማን ደፍሮ ይንገርሽ? እናታችን ‹እሷ ተስፋ ስትቆርጥ ራሷ ትነግረናለች፤ እስከዚያ ይመጣል በሏት› ብላ አስምላን ሞተች።»

እትዬ ጥሩወርቅ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «በአምስተኛው ዓመት እንደማይመጣ ቆርጦልኝ ነበር። ሸሚዙን የማመጣው ለእናንተ ብዬ ነው። እናታችሁ ‹ይመጣል› ሲሉኝ፣ እኔ ካልጠበቅሁት እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው፤ እሳቸው ካረፉም በኋላ ለእርስዎ ብዬ ቀጠልሁ።»

መርዶ መደበቅ ባህላችን ነው። እንቅልፉን እስኪጨርስ፣ እህል እስኪቀምስ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ እያልን ሞትን ከሰው ሸሽገን እናሳድራለን። ደግነት ነው፤ ክፉ አንልም። ነገር ግን ሁለት ወገን አንዱን መርዶ አንዱ ከሌላው ሸሽጎ፣ አንዱ ላንዱ ሲል ተስፋ እያዋጣ፣ ሠላሳ ዓመት ሲኖር አይቼ አላውቅም። አንዲት ሴት ወጣትነቷን ለአማቷ ዕድሜ ሰጠች፤ አማቷ ደግሞ ሐዘኗን ለምራቷ ተስፋ ዋጠች። ማንን ይወቅሷል?

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ የሺ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅም ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ ሲደርስ ተሰበረ፤ ሁለቱ ሴቶች አንገት ላንገት ተቃቅፈው «ደምሴ! ደምሴዋ!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። እኔ የምሆነው ጠፍቶኝ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ለቅሶ የሰማ ጎረቤት አይዘገይም። ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ደጃፉን ሞሉት።

«ማን አረፈ?» አሉኝ።

«የወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለቤት።»

«እግዚኦ! መቼ?»

ምን ልበላቸው?

«ዛሬ ነው ያረፉት» አልሁ። አቶ ደምሴን ይሁን ሁለቱን ሴቶች ማለቴ የጠየቀኝ የለም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ከንፈራቸውን መጥጠው፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ፍለጋ ተበተኑ።