የኮሶ ስፍርና የምራቴ እጅ

የእኛን አገር ሰው «ስፍርና ቁጥር አያውቅም» የሚል ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፤ ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ፊደል ያልቆጠረው አራሽ፣ ከጣቱ በቀር መቁጠሪያ የሌለው አራሽ፣ ሢሶውን ከሩቡ ለይቶ ምርቱን ዐውድማ ላይ ሲያካፍል ብታዩት አፋችሁን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የወንድሙ ወሰን በአንዲት ጫማ ገፋ ያለችበት እንደሆነ በሬውን ፈትቶ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ የልጅ ልጁም እዚያው ቆሞ ይገኛል። ልክ እናውቃለን እኮ! ችግሩ ይህ ልክ አዋቂነታችን እንግዳ ደጃፉን እስኪረግጥ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። እንግዳ ገባ ማለት ጠላው ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ሰውየው «በቃኝ» ቢል «በሞቴ» ይባላል፣ እንደገና ይቀዳለታል። ለእንግዳ ልክ ያበጀ ሰው ቤቱን ማንም አይረግጠውም።

ገበያም እንዲሁ ነው። ሻጩ ቁናውን ይሞላል፣ ይቆልላል፣ ቁልሉ ተንዶ መሬት እስኪነካ ድረስ። ከዚያ ደግሞ በእፍኙ ዘግኖ ጣል የሚያደርጋት አለች፤ ምርቃት እንላታለን። አስቡት እንግዲህ፣ የሰውየው ደግነት የሚታወቀው በሰፈረው ሳይሆን ሳይሰፍር በጨመረው ነው። እኔም ብሆን ምርቃት የነፈገኝ ሻጭ ዘንድ ተመልሼ አልሄድም፤ አላየሁም ብዬ አልፈዋለሁ። ማን ሞኝ አለ?

ይህ ሁሉ ለጤፍ ነው፣ ለገብስ ነው፣ ለጠላ ነው። በኮሶ ጊዜ ግን እንዲህ ያለው ደግነት መቃብር ያስቆፍራል።

እኔ ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው ደብረ ታቦር በከተሙበት ዘመን ኮሶ ሰጪ ነበርኩ። ሥራውን የወረስኩት ከእናቴ ነው፤ እናቴም ከእናቷ። ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ፋሲካ ሲደርስ ሰንጋ ይወድቃል፤ ሰንጋ ከወደቀ ጥሬ ሥጋ ይቆረጣል፤ ጥሬውን ያወራረደ ሁሉ ደግሞ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ትሉ ሆዱን ሲያላውሰው ደጄ ላይ ይገኛል። የሰፈሩ ሥጋ ቆራጮችና እኔ ሳንተዋወቅ ተደጋግፈን እንኖር ነበር ማለት ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ክብሩን ብታዩ! የዚያን ቀን ዳኛ አይጠራውም፣ አለቃ አያዘውም፣ አማት አትመጣበትም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ በቃ፣ ቤቱ የተዘጋ ነው። ትል ሳይኖርባቸው ለዚህች ዕረፍት ብለው የሚመጡ ነበሩ፤ ዐውቃቸዋለሁ፣ ስማቸውን ግን አልናገርም።

የኮሶ ሰጪ ዕውቀቷ ምኑ ላይ ይመስላችኋል? ዛፉን ማወቁ ላይ? ዛፉንማ ጉና ሥር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ቀይ አበባውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ መንፋትም ሙያ አይባልም። ሙያው ስፍሩ ነው። የእኛ ቤት መስፈሪያ ከእናቴ የቆየ የቀንድ ዋንጫ ነበር። ዱቄቱ ይሞላና አፉ በስንደዶ ይታበሳል፤ ከአፉ በላይ የቀረችው ብናኝ ወደ ዕቃዋ ትመለሳለች። ይህ የጤነኛ ጎልማሳ ድርሻ ነው። ከበሽታ ለተነሣ፣ ለከሳ ሰው ደግሞ ዋንጫው ሰፌድ ላይ ይገለበጣል፣ ዱቄቱ እንደ ትንሽ ዳቦ ክብ ተደርጎ ይደለደላል፣ በስንደዶው መሐል ለመሐል ይከፈላል፤ ግማሹ ለሰውየው፣ ግማሹ ወደ ዕቃው። ለሽማግሌና ለባልቴት ያ ግማሽ እንደገና ይከፈላል፣ ሩብ ሆነ። ለነፍሰ ጡር ምንም። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሕፃን ይማረዋል ትሉ ይሆናል። እስቲ ምራቴን አስተምሯት!

የሺመቤት ትባላለች፤ የልጄ ሚስት ናት። ልጄ ዘምቶ እኔና እሷ ብቻ ቀርተናል። ያን ጊዜ ዓይኔ እየፈዘዘ፣ ስንደዶው ዱቄቱን ይታበሰው ይሳተው ለይቼ ማየት እያቃተኝ ነበር። ሴት ልጅ የለኝም። የሺ ካልተማረች ዋንጫው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ ሰዉም ኮሶውን በግምት ይጠጣል፤ በግምት የጠጡትን ደግሞ አልቅሼ ቀብሬያለሁ።

የሺ ደግሞ ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ እንደሷ ያለ ለጋስ አልተወለደም። ለማኝ ቁራሽ ቢለምናት ድፎውን እንዳለ ታነሣለታለች። ዋንጫውን ሰጥቼ «አብሺው» ስላት ታብሰዋለች፣ አሳምራ ታብሰዋለች፤ ዞር ስል ግን በሦስት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ከላዩ ጣል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኧረ እምዬ፣ ትንሽ እኮ ናት! ምርቃት ናት።»

«ኮሶ ምርቃት የለውም አላልኩሽም?»

«ሰው ምን ይለናል? እነዚያ ቤት መድኃኒት እንኳ ጠርገው ነው የሚሰጡ ቢባል አያሳፍርም? አንቱስ እንዴት ይሆንልዎታል?»

ግማሹማ ጭራሽ አልሆነላትም። መክፈል አቅቷት እንዳይመስላችሁ፤ ሰፌድ ላይ ስትከፍለው በፀጉር አይበላለጥም። አንዱን ግማሽ ሰጥታ ሌላውን ወደ ዕቃው መመለስ ላይ ስትደርስ ነው እጇ እምቢ የሚላት፤ ሰው እያያት የምትሰርቅ ይመስላታል። ቁጥሩ ገብቷታል፣ ጭካኔው ነው ያልገባት።

አንድ ቀን እኔ ለለቅሶ ወጣሁ። እኔ በሌለሁበት አያ ደምሌ የሚባል ሰው ሚስቱን ይዞ ከገሳይ መጣ። አያ ደምሌ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ትከሻው ቀንበር የሚያህል ሰው ነው። ሚስቱ ባንቻየሁ ግን ከንዳድ ከተነሣች ገና ወሯ ነውና ነጠላው ብቻውን የቆመ ትመስል ነበር። ኮሶ በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ ምንም ሳይቀምሱ ነው የደረሱት፤ የሺ እንዴት አድርጋ ትመልሳቸው? ሰፈረች። ለባልየው አንድ ዋንጫ ሰጠችው። ለሚስቲቱስ? ባሏ ፊት ግማሽ ልትሰጣት ነው? ያን ሁሉ መንገድ ለመጣች እንግዳ? ለእሷም አንድ ዋንጫ ሰጠች። ይባስ ብላ፣ ከስታለች፣ ታሳዝናለች ብላ፣ ምርቃቱን በእፍኝ አደረገችው።

ከለቅሶ ስመለስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። አያ ደምሌ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ባንቻየሁ ቁርበት ላይ ተዘርግታለች፤ ያስመልሳታል፣ የሚወጣ ነገር ግን የላትም። «እግሬን አላውቀውም» ትላለች። የሺ የባንቻየሁን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

«ስንት ሰጠሻት?» አልኳት።

«እንደ ባሏ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትንሽም ጨመርኩላት።»

ቁጣውን ለነገ አሳድሬ፣ ሴትዮዋን በጋቢ ጠቅልለን ቀጭን አጥሚት ከንፈሯ ላይ በጠብታ በጠብታ ማንጠባጠብ ጀመርን። አያ ደምሌ «እመቤቴ፣ አደራሽን» እያለ ይማጠናል። አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። ከሰው ለቅሶ ስመለስ ለቅሶው ተከትሎኝ ቤቴ የገባ መሰለኝ። ጀንበር ስትጠልቅ ባንቻየሁ ዓይኗን ገለጥ አደረገችና፣ «አጥሚቱ ጨው የለውም» አለች። ተረፈች! እልልታዬን በነጠላዬ አፈንኩት፤ የሺ ግን አላፈነችም፣ አቀለጠችው።

በማግስቱ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የሺ ዋንጫውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ሁለተኛ አልነካውም» አለች። «ሰው ልገድል ነበር። ይስደቡኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ።»

ልሰድባትማ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያበጠ ዓይኗን ሳይ ተውኩት። ደጅ ላይ አህያችን ከነውርንጭላዋ ቆማለች። የሺን ክንዷን ይዤ ወደ እነሱ ወሰድኳት።

«ገብሱን ከዐውድማ ስታመጪ ለአህያዋ ምን ያህል ትጭኛታለሽ?»

«ሁለት ስልቻ።»

«ለውርንጭላዋስ?»

«ኧረ ምን ሆኜ! ወገቧን ልሰብራት?»

«እንዴ፣ አታሳዝንሽም? ለእናቷ ሁለት ስልቻ ሙሉ ሰጥተሽ ለእሷ ትነፍጊያታለሽ? ሰው ምን ይለናል?»

አህያዋን አየች፣ ውርንጭላዋን አየች፣ እኔን አየች።

«ኮሶ ጭነት ነው ልጄ፤ ግብዣ አይደለም» አልኳት። «ለከሳ ሰው ግማሹን ስትከለክዪው አልነፈግሽውም፣ አቀለልሽለት።»

«ታዲያ እንዲህ ብለው አያስረዱኝም ነበር?» ብላ አፈጠጠችብኝና ዋንጫውን ከእጄ ነጥቃ ገባች።

ከዚያ ወዲያ መከራዬን አየሁ። ቤታችን የገባውን ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ እያየች በልቧ ትሰፍረው ጀመር። ጎረቤት እሳት ልትጫር ብትመጣ፣ «እሷ ሙሉ ናት» ትለኛለች። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲገቡ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «ግማሽ ናቸው» አለችኝ። «ዝም በይ፣ ቄስ ናቸው!» ብላት፣ «ቢሆኑስ? ጾሙ ጎድቷቸዋል» አለች። ነገሩ ልክ ነበር፤ እኔም እሳቸውን ለግማሽ ነው የማስባቸው።

አሁን ደግሞ የሰዉን ነገር ስሙልኝ። አያ ደምሌ አገሩ ገብቶ፣ «የእነዚያ ቤት ኮሶ እንዴት ያለ ኃይለኛ መሰላችሁ! ሚስቴን እኮ ሊገድላት ነበር!» እያለ አወራ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይሸሻል አይደል? እኛ ዘንድ ሰዉን አልጋ ላይ ያልጣለ መድኃኒት እንደ መድኃኒት አይቆጠርምና አገሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። «ለአያ ደምሌ ሚስት የሰጣችኋትን ስጡን!» ይላሉ። የሺ ታብሳለች፣ ትከፍላለች፣ የቀረውን ወደ ዕቃው ትመልሳለች። በዚህ ምክንያት ያቺ ለጋስ ስሟ ጠፋ፤ «ቋጣሪ» ተባለች። ምንጭ ወርዳ ሲንሾካሾኩባት ሰምታ እንስራዋን ሳትሞላ እያለቀሰች የተመለሰችበት ቀን ነበር። ብታሳዝነኝም «ይበሉሽ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ከሁሉ የባሰው የሻለቃው ነገር ነው። ከንጉሡ ሰፈር አንድ ሻለቃ ጋሻ ጃግሬያቸውን አስከትለው መጡ። ከተቅማጥ ገና መነሣታቸው ነበር፤ መታጠቂያቸው ወገባቸው ላይ ይዞራል። የሺ አንድ ጊዜ አየት አደረገቻቸውና ሰፌዱን አነሣች። ዋንጫውን ሞልታ፣ አብሳ፣ ገለበጠች። መሐል ለመሐል ከፈለችው።

«ምንድን ነው ይኸ?» አሉ።

«የጌታዬ ድርሻ ነው።»

«ግማሽ? ለእኔ? በጦር ሜዳ ሙሉ ሰው ሆኜ አንቺ ዘንድ ስመጣ ግማሽ ሰው ልሁን? ሙዪው!»

እኔ ጥጌን ይዤ «እግዚኦ» እላለሁ። ያን ጊዜ ሻለቃ ተቆጣ ማለት ጨዋታ አልነበረም። የድሮዋ የሺ ብትሆን ሁለት ዋንጫ አስከትላ ዕቃውን ከነክዳኑ ታስረክባቸው ነበር።

«ጌታዬ» አለች፤ እጇ ስንደዶውን እንደያዘ ነው። «ዛሬ የሚሰፈረው ማዕረግዎ አይደለም፤ ሆድዎ ነው።»

ጋሻ ጃግሬው ሳቁን ለመዋጥ ወደ ጣራው አየ። ሻለቃው ጢማቸውን ያዙ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ከዚያ በውሃ የተበጠበጠላቸውን ግማሽ ተቀብለው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡና ፊታቸውን አጨማደው፣ «ምሬቷስ ሙሉ ናት» አሉ። ትሉ ከነራሱ ወጣላቸው። ሲሻላቸው ምስጋናቸውን ላኩልን። ምን ቢልኩ ጥሩ ነው? የሰንጋ ታፋ! ትኩስ፣ ጥሬ፣ ገና የሚንቀጠቀጥ።

የሻለቃ ስጦታ መቼስ አይመለስም። ሥጋ ላይ የሺ ያው የሺ ናት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ምንጭ ላይ ላሟትም ጭምር፣ እየቆለለች አደለች። ለእኔ ደህና ደህናውን መረጠችልኝ። ጥርሴ ቢሳሳም ቢላዋዬ አልሳሳም፤ የዕድሜ ልክ ኮሶ ሰጪነቴን ረስቼ አሳምሬ ቆረጥኩት።

ከጊዜ በኋላ ትሉ እኔም ሆድ ውስጥ ተላወሰ። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆዴ ምራቴ ፊት ተቀመጥኩ።

«ዋንጫውን ሙዪልኝ» አልኳት።

ሞላች፣ አበሰች፣ ሰፌዱ ላይ ገለበጠች። ከፈለችው። ግማሽ መሆኑ ነው፣ ይሁን፣ ብዬ እጄን ስዘረጋ እጄን አልፋ እንደገና ከፈለችው።

«ሩብ? ለእኔ? ላስተማርኩሽ?»

«አርጅተዋል እኮ እምዬ።»

«ማነው ያረጀው?»

«አንቱ ነዎታ።»

«እስቲ በሞቴ ትንሽ ጨምሪልኝ» አልኳት። ልፈትናት ብዬ ነው ብላችሁ ብታምኑኝ ደስ ይለኛል።

የቀረውን ጠራርጋ ወደ ዕቃው መለሰች። ክዳኑን ገጠመች፣ ክዳኑ ላይ እጇን ጫነች፣ እስክጨልጥ ድረስም ፊቴ ቆማ ጠበቀችኝ። ጠጣሁት። ከዚያ እንዲህ ያለች ጨካኝ ለቤቴ የሰጠኝን አምላክ በሆዴ እያመሰገንኩ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁና ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት።